አልተርኔተር ሲቆም የሚበራ ቀይ መብራት ለትንሽ አውሮፕላን፦ ሰርኪዩቴን እዩልኝ

ሀንጋር_14 (ዳላስ)፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን የወሰደችው አርቪ-9ኤ ወደ ማለቁ ናት። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ግለሰብ በጋራዡ የሚገጣጥማት አውሮፕላን ናት። ሞተሯ ላይኮሚንግ 320 ነው። ከሁለቱ የማቀጣጠያ መስመሮች አንዱ ማግኔቶ (ያለ ባትሪ የራሱን ብልጭታ የሚያመነጭ)፣ ሌላው ኤሌክትሮኒክ ነው። ሲስተሟ ባለ 14 ቮልት ነው።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ነው። ለምን እንደማስብባት መጀመሪያ ልንገራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በኪራይ አውሮፕላን ብቻዬን እየበረርኩ ነበር። ሊመሽ ሲል የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ታወር ላይ ያለው ሰውዬ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ ፍሪኩዌንሲ እቀያይራለሁ። ከዚያ ለራዳር መልስ የሚሰጠው ትራንስፖንደር ድርግም አለ። ያኔ ነው ዓይኔ ጥግ ላይ ወዳለችው አሜትር (የከረንት መለኪያ) የሄደው። መርፌዋ ከዜሮ በታች ተኝታለች። ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ባትሪውን ስጠጣው ቆይቻለሁ። ለስንት ደቂቃ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። የዚያ አውሮፕላን ሞተር በማግኔቶ ስለሚሠራ አልጠፋም። ተመስገን፣ ብርሃን ሳለ አረፍኩ።

ስለዚህ በራሴ አውሮፕላን ላይ አልተርኔተሩ እንደቆመ ወዲያው የሚነግረኝ ነገር እፈልጋለሁ። ባትሪው ካለቀ በኋላ ቢነግረኝ ምንም አይሠራልኝም።

ሰርኪዩቱ እንዲህ ነው። ዋናዋ ዕቃ ቲኤል431 ናት። ሦስት እግር ያላት፣ ትራንዚስተር የምትመስል ርካሽ ዕቃ። ሪፈረንስ እግሯ ላይ 2.495 ቮልት ሲደርስ ታሳልፋለች፤ ከዚያ ሲያንስ ትዘጋለች። ባሱ (ኤሌክትሪኩ ለሁሉም ዕቃ የሚከፋፈልበት ዋና መስመር) 13 ቮልት ሲሆን እግሯ 2.495 እንዲያገኝ ቮልቱን በሁለት ሬዚስተር አካፈልኩት። ከታች 2.4 ኪሎ ኦም። ከላይ 9.1 ኪሎ ኦም እና ከእሱ ጋር በተከታታይ ባለ ብዙ ዙር 2 ኪሎ ኦም ትሪመር (እየተዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር)። ትሪመሩ መሀል ላይ ሲሆን ከላይ ያለው 10.1 ይሆናል፦ 2.495 × (1 + 10.1 ÷ 2.4) = 13 ቮልት ግድም።

መብራቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከባሱ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ቲኤል431 ካቶድ (ከረንት የሚገባበት እግሯ) ይመጣል። ከዚያው ነጥብ ቀይ ኤልኢዲ ወደ ማሳ (ወደ ኔጌቲቭ) ይወርዳል። ቮልቱ ደህና ሲሆን ቲኤል431 ከረንቱን ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ኤልኢዲው ምንም አያገኝም። ቮልቱ ሲወርድ ትዘጋለች፤ ከረንቱ በኤልኢዲው ያልፋል፤ ይበራል።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። 14 ቮልት ላይ ኤልኢዲው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቀን አይታወቅም። ትናንት ማታ የሀንጋሩን መብራት አጥፍቼ ስመለከተው ግን እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀልቶ ይታያል። ምንድን ነው?

---

ስታኞ (አዲስ አበባ)፦

እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ቲኤል431 በየፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አለች፤ እንደ ጎረቤት ነው የማውቃት።

ችግርህ ቀላል ነው። ይቺ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ስታሳልፍ እንኳ ካቶዷ ዜሮ አይወርድም። 2 ቮልት አካባቢ ይቀራል። ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ከ1.8 ቮልት ጀምሮ መፍካት ይጀምራል። ሲጋራ ጫፍ ያልከው ያ ነው።

ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ አስገባ። ያኔ ለመብራት 2.5 ወይም 2.7 ቮልት ያስፈልገዋል፤ በ2 ቮልት ጭራሽ አይነሳም። ከረንቱንም አስላው፦ ባሱ 12.5 ሲሆን (12.5 − 2.7) ÷ 1000፣ ወደ 10 ሚሊ አምፔር ነው። ለኤልኢዲ ልኩ ነው። አልተርኔተሩ ሲሠራ ግን 12 ሚሊ አምፔር ገደማ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሬዚስተር ያልፋል። ሩብ ዋት ይችለዋል፤ እኔ ብሆን ግን የግማሽ ዋት ነው የማስገባው።

ሬዚስተሮቹን በ10 ኪሎ ኦም አካባቢ መያዝህ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ከረንት ይቆጥባል ብሎ 100 ኪሎ ኦም ያስገባል። የሪፈረንስ እግሯ 2 ማይክሮ አምፔር ያህል ትጠጣለች። በ10 ኪሎ ኦም ላይ ያ 0.02 ቮልት ነው፤ ችግር የለውም። በ100 ኪሎ ኦም ግን 0.2 ቮልት ይሆናል፤ ልክህ ይበላሻል።

ስትገዛም ደረጃዋን እይ። ባለ 2 ከመቶ አለች፣ ባለ 1 ከመቶ አለች፣ ባለ ግማሽ ከመቶ አለች። በ13 ቮልት ላይ 2 ከመቶ ማለት ሩብ ቮልት ነው።

---

ቢሾፍቱ_ልጅ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የጀማሪ ነው። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ዲጂታል ቮልትሜትር ዳሽቦርዱ ላይ ብታስቀምጥ ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ቁጥሩን እያየህ ታውቀዋለህ እኮ።

ሌላው፣ 13 ቮልት ከየት መጣ? 12 ቮልት ባትሪ አይደለም እንዴ?

---

ሀንጋር_14፦

@ስታኞ ዳዮዷን አስገባሁ። ጨለማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጬ አየሁት። ድርግም ብሏል። እጅህን ይባርክ።

@ቢሾፍቱ_ልጅ ጥያቄሽ የጀማሪ አይደለም እህቴ፤ የነገሩ እምብርት ነው።

ስለ ቮልትሜትሩ፦ አሜትርም ነበረኝ፣ አላየሁትም። የሚበር ሰው ዓይኑ ውጭ ነው። ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ካርታ ያያል። መርፌና ቁጥር ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ካላየሻቸው አይጠሩሽም። ቀይ መብራት ግን ዓይንሽን ራሱ ይስበዋል።

ስለ 13 ቮልት፦ 12 ቮልት የምንለው የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ወይም 12.7 ነው። አልተርኔተሩ እየሞላው ሳለ ግን ባሱ 14.2 አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ባሱ ላይ 13.5 ወይም 14 ካየሽ አንድ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። 12.6 ካየሽ ግን ባትሪው ብቻውን ነው፤ ቢሞላም። 13 በሁለቱ መሀል ያለ አጥር ነው። መብራቱ የሚለው «ባትሪህ አለቀ» ሳይሆን «አልተርኔተርህ ቆመ፣ ባትሪህ ግን ገና ሙሉ ነው» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአብራሪ ትልቅ ነው።

---

ቁልፍ_13 (የአውሮፕላን መካኒክ)፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ወሬ ይዛችኋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አውሮፕላን ጠግኛለሁና ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ። ይሄ ግለሰብ ራሱ ለሠራው አውሮፕላን ነው። ሰርተፊኬት ባለው የፋብሪካ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ሴስና ላይ፣ ከገበያ የተገዛ ኤልኢዲና ሬዚስተር በስታኞ በይዶ መግጠም አይቻልም። እዚያ አሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ፣ እዚህ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ። የጸደቀ ዕቃ፣ የጸደቀ ሰነድ፣ የፈቃድ ባለቤት የሆነ መካኒክ ፊርማ ይጠይቃል። ይህን የምለው ሌላ አንባቢ አይቶ በክለቡ አውሮፕላን ላይ እንዳይሞክረው ነው።

ሁለተኛ። ሴስና 172ኤስ ባለ 28 ቮልት ሲስተም ነው፤ ባትሪው 24 ቮልት ነው። የሎው ቮልት ማስጠንቀቂያው የሚበራው ከ24.5 ቮልት በታች ሲሆን ነው። ይህን ለሁለት ብትከፍሉት 12.25 ይመጣል። ስለዚህ 13 የግድ አይደለም። እኔ 12.5 ላይ ባደርገው እመርጣለሁ። በታክሲ መንገድ ላይ (አውሮፕላኑ መሬት ለመሬት ሲነዳ) ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር፣ የማረፊያ መብራት ሲበራ፣ አልተርኔተሩ ይደክማል። 13 ላይ ያለ መብራት በየመታጠፊያው ብልጭ ይላል። ሁልጊዜ ብልጭ የሚል መብራት ደግሞ ሰው ይለምደዋል። የለመደውን አያየውም።

ሦስተኛ። ከበራ በኋላ ምን ታደርጋለህ? ወረቀት ላይ ጻፈው። የአልተርኔተሩን ብሬከር እይ። የአልተርኔተር ማብሪያውን አንዴ አጥፍተህ አብራው። ካልተመለሰ አጥፋው፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፋ፣ አቅራቢያህ ያለ ሜዳ ላይ ውረድ። ደጋግሞ እያበሩ እያጠፉ መሞከር የለም።

---

ሀንጋር_14፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። የእርምጃውን ካርድ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ግን ትንሽ ልከራከርዎ። እውነትዎን ነው፣ የአሲድ ባትሪ ጭነት ሲያርፍበት ቶሎ ወደ 12.5 ይወርዳል። ግን ጭነቱ ትንሽ ከሆነስ? ቀን ላይ፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ አንድ ሬዲዮ ብቻ ይዤ ስበር፣ ሙሉ ባትሪ ከ12.5 በላይ ብዙ ሊቆይ ይችላል። እነዚያን ደቂቃዎች አላጣቸውም። ብልጭታውን በማዘግየት እፈታዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ከሪፈረንስ እግሯ ወደ ማሳ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አስገባለሁ። ሁለቱ ሬዚስተሮች አብረው ወደ 2 ኪሎ ኦም ይመስላሉ፤ ከካፓሲተሩ ጋር አንድ ሰከንድ ገደማ ይሰጡኛል። የአፍታ መውረድ ያልፋል፤ የእውነት መውረድ ግን ይበራል።

---

ማሳ_ፈላጊ (አዳማ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን)፦

እኔ የመኪና ሰው ነኝ። ግን ሽቦ ሽቦ ነው።

ማሳህን ከየት ነው የወሰድከው? ብዙ ሰው ፕላሱን አሳምሮ ከባስ ይወስድና ማሳውን ያገኘው ብሎን ላይ ያስረዋል። ያ ብሎን የማረፊያ መብራቱ ማሳ ከሆነ አለቀልህ። 100 ዋት መብራት 7 አምፔር ይጠጣል። ሽቦውና ብሎኑ አብረው 0.03 ኦም ቢኖራቸው ማሳህ 0.2 ቮልት ከፍ ይላል። ሰርኪዩትህ የሚያየው ከባሱ 0.2 ያነሰ ነው። መብራት ባበራህ ቁጥር በሐሰት ይበራብሃል፤ አንተ ደግሞ ትሪመር ታዞራለህ።

ቴስተርህን በዲሲ ቮልት አድርገህ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሰርኪዩትህ ማሳ ላይ አድርግ። ሁሉን መብራት አብራ። ያየኸውን ንገረን።

---

ሀንጋር_14፦

ለካሁት። 0.19 ቮልት! የማረፊያ መብራቱ ሲጠፋ 0.02። ልክ እንዳልከው ከፓነሉ ጀርባ ያገኘሁት ብሎን ላይ ነበር ያሰርኩት። አሁን ለብቻው ሽቦ ጎትቼ ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል የሚለየው ግድግዳ) ላይ ካለው የጋራ ማሳ ጋር አገናኘሁት። 0.01 ሆነ። የፕላሱም ሽቦ ከዋናው ባስ ለብቻው ነው የመጣው፤ እዚያው ባሱ አጠገብ 1 አምፔር ፊውዝ አለው።

---

ስታኞ፦

ፊውዙን ካነሳህ አይቀር። ከፊውዙ በኋላ፣ ከሰርኪዩቱ በፊት፣ ከፕላስ ወደ ማሳ አንድ ኤስኤምቢጄ18ኤ (የቮልት ዝላይ የምትይዝ ዳዮድ) አስገባ። አልተርኔተር እየሞላ ሳለ የባትሪ ገመድ ቢላቀቅ ቮልቱ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ቲኤል431 የምትችለው እስከ 36 ቮልት ነው። ይቺ ዳዮድ ከ30 በታች ትይዘዋለች። ፕላስና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ቢገጠም ደግሞ እሷ ከረንቱን ወስዳ ፊውዙን ታቃጥላለች፤ ሰርኪዩቱ ይተርፋል።

ለመገላበጥ መከላከያ ብለህ በተከታታይ 1ኤን4007 ዳዮድ እንዳታስገባ። 0.6 ቮልት ትወስድብሃለች። እሱም ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል። ልክህ ከአየሩ ጋር ይዋዥቃል።

---

ፀሐይ_ገቢ (ሐዋሳ)፦

ከመጀመሪያው አነበብኩት። ማንም ያልጠየቀህ አንድ ነገር አለ። ባትሪህ ምን ዓይነት ነው?

የምጠይቀው ሥራዬ ሶላር መግጠም ስለሆነ ነው። ባለፉት ዓመታት ከአሲድ ባትሪ ወደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ስንዞር ይሄው ነገር አሳስቶናል። የድሮውን ኢንቨርተር በድሮው ቮልት ትተነው፣ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።

---

ሀንጋር_14፦

ወንድሜ፣ ስታነሳው ደነገጥኩ። ባትሪዬ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ክብደት ለመቀነስ ብዬ ነው የቀየርኩት። የአሲዱ ወደ 7 ኪሎ ነበር፤ ይሄኛው 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 13 ቮልቱን ግን ከአሲድ ባትሪ ዘመን ይዤው የመጣሁት ነው።

---

ፀሐይ_ገቢ፦

ጥርጣሬዬ እሱ ነበር። እንግዲህ እንየው።

አራት ሴል ያለው የአንተ ዓይነት ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 13.3 አካባቢ ነው። 12.6 አይደለም። ይህ ማለት አልተርኔተርህ ቢቆም እንኳ ባሱ ከ13 በላይ ይቆያል። የሊቲየም ቮልት ደግሞ እንደ አሲድ ቀስ እያለ አይወርድም። ሜዳ ነው። ከሙሉ እስከ ግማሽ ድረስ ቮልቱ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል። መብራትህ 13 ላይ ሲበራ ከግማሽ በላይ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያም በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹን ለማዳን ሲል በአንዴ ይቆርጠዋል። የአሲድ ባትሪ ሬዲዮውን እያደከመ ያስጠነቅቅሃል። ይሄኛው ምንም ሳይልህ ይቆርጥብሃል።

አጥሩን አንሣው። ባትሪው ሲያርፍ 13.3፣ አልተርኔተርህ ሲሞላ 14.2 ወይም 14.4። መሀሉ 13.5 ወይም 13.6 ነው።

---

ቁልፍ_13፦

እኔም 12.5 አድርገው ብዬህ ነበር። ባትሪህን ሳልጠይቅ ነው የመከርኩህ። በሊቲየም 12.5 ማለት ሊያልቅ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ሐሳቤን ከላይ ያነበበ ሁሉ ይተወው። ፀሐይ_ገቢ፣ አንተን ያሳደገ ይባረክ።

---

ቢሾፍቱ_ልጅ፦

እንግዲህ ሬዚስተር መቀየር ሊኖርበት ነው? ላስላው ብዬ ሞከርኩ። 13.5 ÷ 2.495 = 5.41። አንድ ሲቀነስ 4.41። በ2.4 ሲባዛ 10.58 ኪሎ ኦም። ከላይ ያለው ከ9.1 እስከ 11.1 ስለሚሄድ ትሪመሩን ማዞር ብቻ ይበቃል። ትክክል ነኝ?

---

ሀንጋር_14፦

ልክ ነሽ! ስሌትሽን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩት። አንድም ዕቃ አልቀየርኩም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በተለዋዋጭ ፓወር ሰፕላይ ፈተንኩት። ከ14.4 ጀምሬ በአሥረኛ ቮልት እያወረድኩ፣ በየደረጃው አምስት ሰከንድ እየጠበቅኩ። 13.8፣ ጥፍት። 13.6፣ ጥፍት። 13.5 ላይ መፍካት ጀመረ። 13.4 ላይ ሙሉ ቀይ። ስመልሰው 13.6 ላይ ጠፋ። ከዚያ ሰርኪዩቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት አስቀመጥኩት። ቀጥሎ በፀጉር ማድረቂያ እጅ እስኪያቃጥል አሞቅኩት። ልኩ ከ0.05 ቮልት በላይ አልተንቀሳቀሰም።

ትሪመሯን በንዝረት እንዳትዞር ከባለቤቴ የጥፍር ቀለም ለምኜ ጠብታ አደረግኩባት። ካፓሲተሩንም እግሩ እንዳይሰበር በሲሊኮን ቦርዱ ላይ አጣበቅኩት።

---

ማሳ_ፈላጊ፦

ኤልኢዲው ቢቃጠል በምን ታውቃለህ? ከበረራ በፊት መፈተሻ ቁልፍ አስገብተሃል?

---

ሀንጋር_14፦

ይሄ የሰርኪዩቱ የምወደው ነገር ነው። ቁልፍ አያስፈልገውም። ሞተር ሳይነሳ ማስተር ስዊች ሲበራ ባትሪው ብቻውን ስለሆነ ባሱ ከ13.5 በታች ነው። መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ ኤልኢዲው፣ ፊውዙ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል፤ አልነሳም። ሞተር ተነስቶ አልተርኔተሩ ሲይዝ መጥፋት አለበት። ካልጠፋም አልነሳም። ሁለቱንም መስመር በቼክሊስቴ ላይ ጽፌያለሁ።

---

ሀንጋር_14 (ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ)፦

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ መሬት ላይ ሞከርኩት። ማስተር ስዊቹን ሳበራ ቀይ በራ። ሞተሩ ተነሳ፣ ባሱ 14.3 ገባ፣ መብራቱ ጠፋ። 1700 ዙር ላይ አድርጌ የአልተርኔተሩን ማብሪያ ሆን ብዬ አጠፋሁ። በአፌ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ላይ በራ። ቴስተሩ 13.4 ይላል። ማብሪያውን መለስኩት፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ጠፋ።

ያን ቀን ምሽት የጠፋብኝን ደቂቃ ዛሬም አላውቀውም። ዛሬ ግን ሰባት ሰከንድ ነው።

ታክሲ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ሞተሩ 800 ዙር ላይ ሲሆን፣ ሁሉ መብራት በርቶ፣ አንዴ ብቻ ብልጭ ብሏል። ጋሼ ቁልፍ_13፣ ያስፈሩኝ ነገር ይሄ ነበር። አንዴ ብልጭ ማለቱ ይበዛል ይላሉ? ካፓሲተሩን ወደ 1000 ማይክሮ ፋራድ ላሳድገው?

---

ቁልፍ_13፦

አንዴ ከሆነ አትንካው። ዙሩን 1000 ላይ አድርገህ ታክሲ አድርግ። የሞተሩ ሻማዎችም (ካንዴላዎቹ) ይወዱታል።

---

ቢሾፍቱ_ልጅ፦

እኔም ዛሬ ማታ በዶርም ውስጥ በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ሠራሁት። ባትሪ ስለሌለኝ የድሮ ላፕቶፕ ቻርጀር ተጠቅሜ ነው። ኤልኢዲዬ ሰማያዊ ነው፤ ያለ ዳዮድም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሰማያዊ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ነው አይደል?

---

ስታኞ፦

አዎ፣ እሱ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ግን ቀይ ይሁን። አብራሪ ቀይ ሲያይ አሁኑኑ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።